«ትሬ ቢየን» ያስከፈለው እራት፦ የአንድ የድሬዳዋ ቤተሰብ የፓሪስ ጉዳይ

የጉዳዩ መነሻ

ይህን ጉዳይ የሰማሁት ድሬዳዋ ሳቢያን ከሚኖሩ ጎረቤቶቼ ነው። በሆቴልና መስተንግዶ ሙያ አሠልጣኝ ስለሆንኩ ሰዎች በምግብ ቤት የገጠማቸውን ቅሬታ ለእኔ መንገር ይቀናቸዋል፤ አብዛኛው ቅሬታ ግን «ከሰው አልቆጠሩንም» ከሚለው አያልፍም። ይኼኛው የተለየብኝ፣ ምግብ ቤቱ ሕግ ሳይጥስ፣ አስተናጋጁ ክፉ ቃል ሳይናገር፣ ምግቡም ሳይበላሽ፣ ሦስት ሰዎች በዕድሜያቸው ከከፈሉት ሁሉ ከሚበልጥ እራት ተርበውና አዝነው መነሣታቸው ነው።

አባትየውንና እናትየውን ለየብቻ፣ ልጃቸውን ደግሞ በስልክ አነጋግሬያለሁ። አባትየው ፓስፖርታቸው ውስጥ አጥፈው ያመጡትን ደረሰኝ መስመር በመስመር አይቼዋለሁ። ጽሑፉ በሦስቱም ፈቃድ የተጻፈ ሲሆን የእነሱንም ሆነ የምግብ ቤቱን ስም አልጠቅስም። የቤቱን ስም የተውኩት ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ጥፋቱ በዋናነት የቤቱ ነው ብዬ ስለማላምንም ጭምር ነው።

ባለጉዳዮቹ

አባትየው የ67 ዓመት የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. ሲቀጠሩ ድርጅቱ ገና የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የጋራ ኩባንያ ነበር፤ የሥራ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከተማችን የተቆረቆረችውም በዚሁ ሐዲድ ምክንያት ስለሆነ ፈረንሳይኛ ከአፋችን እስከ ዛሬ አልጠፋም። «ለገሀር» የምንለው ቃል እንኳ «ላ ጋር»፣ ማለትም «ባቡር ጣቢያው» ከሚለው የመጣ ነው። ስለዚህ አባትየው «ፈረንሳይኛ አውቃለሁ» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የሚያውቁት የፍሬንና የብሎን፣ የሰዓትና የሰላምታ ፈረንሳይኛ ነው። ወጥ ቤት የገባ ፈረንሳይኛ አልነበራቸውም፤ ይህን ልዩነት እሳቸውም ሆኑ ቤተሰቡ እስከዚያች ምሽት ድረስ አላስተዋሉትም።

እናትየው በቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም ሲሸጡ የኖሩ፣ ጾማቸውን የሚጠብቁ፣ የአሳማ ሥጋ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሴት ናቸው። ልጅቷ በፓሪስ ዳርቻ ስድስት ዓመት የኖረች የአረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኛ ናት። ፈረንሳይኛዋ ከአባቷ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ በሚል ኑሮ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ በልታ አታውቅም። እኛ እዚህ ሆነን «ፓሪስ ናት» ስንል ቢስትሮ ከሚባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ከአንዱ ወደ ሌላው የምትዞር ይመስለናል።

እራቱ እንዴት ታሰበ

አባትየው ወጣት ጸሐፊ ሳሉ አንድ ቀን በከዚራ ከሚገኙት የውጭ አገር መሐንዲሶች ቤቶች ወደ አንዱ ወረቀት እንዲያደርሱ ይላካሉ። የደረሱት ምሳ ሰዓት ላይ ስለነበር በረንዳው ላይ ቆመው ሲጠብቁ የድስቱ ክዳን ሲነሣ አዩ፤ የሽንኩርትና የወይን ሽታ እስከ በሩ መጣ። ወረቀቱ ተፈርሞላቸው ተመለሱ። ታሪኩ ይኸው ነው፣ ግን ልጆቹ ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ልጅቷ የግብዣ ወረቀት ልካ ወላጆቿን ለአንድ ወር ስታስመጣ አባትየው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አንድ ምሽት በራሳቸው ገንዘብ ቤተሰባቸውን እውነተኛ የፈረንሳይ እራት ማብላት። ከእቁብ የደረሳቸውን ብር ባንክ ወስደው ለመንገደኛ በሚፈቀደው መሠረት ዩሮ ከገዙ በኋላ 300 ዩሮ ለይተው ፖስታ ውስጥ አደረጉ። በፖስታው ላይ «እራት» ብለው ጽፈውበታል።

ቀኑ ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ። ጊዜው ከትንሣኤ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም፤ እናትየውም በዚህ በኩል ልባቸው አርፎ ነበር። ምግብ ቤቱን የመረጡት አባትየው ናቸው፤ ከሁለት ቀን በፊት በአጠገቡ ሲያልፉ ወደ ጎዳናው የዞሩት ወንበሮችና በጠመኔ የተጻፈው ጥቁር ሰሌዳ ደስ ብሏቸው። ልጅቷ «አባባ፣ መጀመሪያ በስልክ እንጠይቃቸው» ብላ ነበር። «ለእራት ደግሞ ቀጠሮ!» ተባለች፤ ነገሩ በዚሁ ቀረ።

የምሽቱ ሂደት

ከምግብ ቤቱ በር የደረሱት ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። በግንቦት የፓሪስ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ጎዳናው ገና ቀን ነበር። እናትየው ለእራቱ ሆዳቸውን ለማዘጋጀት ብለው ምሳ አልበሉም። የመጀመሪያው ስሕተት እዚህ ላይ ነው፦ በፈረንሳይ አብዛኛው ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን ከዚያ በኋላ ምድጃው ይጠፋል፤ እራትም የሚጀምረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ወይም 1 ሰዓት ተኩል ነው። ድሬዳዋ ላይ ወጥ ቤቱ ክፍት ከሆነ በማንኛውም ሰዓት ሰው ይበላል። አስተናጋጁ ወጥ ቤቱ በ1 ሰዓት ተኩል እንደሚከፈት በትሕትና ነገራቸውና እስከዚያው መጠጥ መውሰድ እንደሚችሉ ጨመረ። ዞር ብሎ መምጣት ይቻል ነበር፤ አባትየው ግን ከበር መመለስ አልወደዱም። ተቀመጡ። «አፔሪቲፍ?»፣ ማለትም ከምግብ በፊት የሚቀርብ መጠጥ፣ ሲባሉ «ዊ» አሉ። ለአባትና ለልጅ ኪር የሚባለው፣ ነጭ ወይን ከካሲስ ሊከር ጋር የሚደባለቅበት መጠጥ መጣ፤ ለእናትየው ጭማቂ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በባዶ ሆድ ተቀመጡ።

በዚህ መካከል ዳቦ በቅርጫት፣ ውኃም በጠርሙስ ቀረበ። ዳቦውን ማንም አልነካውም፣ የሚያስከፍል መስሏቸው። ውኃውን ግን ያለ ሐሳብ ጠጡ፤ ሲያልቅም ሁለተኛ ጠርሙስ አስመጡ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ከምግብ ጋር የሚቀርብ ዳቦና የቧንቧ ውኃ በምግቡ ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ወዲህም ምግብ ቤቶች የመጠጥ ውኃ በነፃ እንደሚገኝ በግልጽ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። «ኡን ካራፍ ዶ» ያለ ሰው በእንስራ መሰል የብርጭቆ ዕቃ ያለ ክፍያ ይቀርብለታል። የሚያስከፍለው የማዕድን ውኃው ነው።

የምግብ ዝርዝሩ ሲመጣ ሁለተኛው ችግር ተከተለ። እኛ «ሜኑ» የምንለው ዝርዝሩን ነው፤ ፈረንሳዮች ግን ዝርዝሩን «ላ ካርት» ይሉታል፣ «ሜኑ» ደግሞ መጀመሪያ፣ ዋና ምግብና ጣፋጭ ተጣምረው በአንድ የተቆረጠ ዋጋ የሚቀርቡበት ነው። ሰሌዳው ላይ «ሜኑ 38» የሚል ተጽፎ ነበር። አባትየው አይተውታል፤ ርእስ መስሏቸው አለፉት። በዚያ ሜኑ ውስጥ ልጅቷ ኋላ በስልኳ ባነሣችው ፎቶግራፍ እንዳየሁት የሽንኩርት ሾርባው፣ ኮክ ኦ ቫን የሚባለው ምግብና ጣፋጩ ሁሉም ነበሩበት። እነሱ እነዚሁኑ አንድ በአንድ ከዝርዝሩ አዘዙ።

ኮክ ኦ ቫን የምሽቱ ዋና ጉዳይ ነው። እናትየው «ዶሮ የላቸውም?» ብለው ይጠይቃሉ። አባትየው «ኮክ» አውራ ዶሮ፣ «ቫን» ወይን መሆኑን ያውቃሉ፤ «አውራ ዶሮ በወይን የተሠራ። ያው የእነሱ ዶሮ ወጥ በይው» አሉ። ትርጉሙ ልክ ነው፣ ማብራሪያውም ያን ያህል የራቀ አልነበረም፤ ሁለቱም በሽንኩርት ለረጅም ጊዜ የሚበስሉ፣ የእንግዳና የበዓል ምግቦች ናቸው። ነገር ግን በተለመደው አሠራር ኮክ ኦ ቫን ከቀይ ወይን፣ ከትንንሽ ሽንኩርትና ከእንጉዳይ ሌላ «ላርዶን» ይገባበታል፤ ይኸውም ተቆራርጦ የተጠበሰ ጨው ያለው የአሳማ ሥጋ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠበሰው እሱ ስለሆነ ዶሮው የሚቀላው በዚያው ስብ ነው። ቁርጥራጩን ለቅሞ ማውጣት ችግሩን አይፈታውም ማለት ነው።

ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው «ኮክ ኦ ቫን፣ የተፈጨ ድንች» ብቻ ነበር። ይህ መደበቅ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ምግብ ቤቶች እንዲያሳውቁ የሚገደዱት አለርጂ የሚያስከትሉ 14 ነገሮችን፣ ለምሳሌ ስንዴ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ለውዝ የመሳሰሉትን ነው፤ የአሳማ ሥጋ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። የአገሩ ሰው ደግሞ ላርዶን እንዳለበት ስለሚያውቅ መጻፍ አያስፈልገውም፤ እኛም ዶሮ ወጥ ላይ «እንቁላል አለው» ብለን አንጽፍም።

ምግቡ ሲቀርብ እናትየው መጀመሪያ ያዩት መጠኑን ነው። ዶሮን ዐሥራ ሁለት ብልት አድርገው ሲገነጥሉ ለኖሩ ሴት ሁለት ብልት በጥቁር መረቅ ውስጥ ተቀምጦ ማየት ያስደነግጣል። ቢሆንም ጀመሩ። አራት ወይም አምስት ጉርሻ ከወሰዱ በኋላ ሹካቸውን አስቀመጡ። ልጅቷ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለች። «ምንም፤ ጠገብኩ።» ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው በአምስት ጉርሻ እንደማይጠግብ ልጅቷ ታውቃለች፤ የራሷን ሳህን ገልበጥ አድርጋ ስታይ ሮዝ መሳይ ቁርጥራጮቹን አገኘቻቸው፣ ምን እንደሆኑም ወዲያው ገባት። በምትሠራበት ተቋም በየሳምንቱ ታያቸዋለች። ድሬዳዋ ሳሉ ቢሆን ሦስቱም ከአንድ ትሪ ስለሚበሉ የአንዱ እጅ ሲያርፍ ሌላው ወዲያው ያያል፤ እዚህ ግን ሁሉም በየሳህኑ ነው።

አባትየው ደግሞ ከሥጋቸው ጋር ትግል ላይ ነበሩ። አንትርኮት የሚባለውን የበሬ የጎድን ሥጋ ጥብስ አዝዘው አበሳሰሉን ሲጠየቁ «ኣ ፕዋን» ብለዋል፤ በሥራ ቦታ «በልኩ፣ በሰዓቱ» ለሚል ይጠቀሙበት የነበረ ቃል ነው። በፈረንሳይ ምድጃ ግን የሥጋ ልክ በአራት ደረጃ ይነገራል፦ «ብሎ» ላዩ ብቻ የነደደ፣ «ሴኛን» ደም ያለበት፣ «ኣ ፕዋን» መካከሉ የቀላ፣ «ቢየን ኩዊ» በደንብ የበሰለ። ኣ ፕዋን በእኛ ዓይን ገና ያልበሰለ ነው። አባትየው ቁርጥ የሚወዱ ሰው ስለሆኑ ጥሬ ሥጋ የሚያስጠላቸው አይምሰላችሁ። ያስቸገራቸው መሐል ላይ መሆኑ ነው። «ጥሬ ቢሉኝ በሚጥሚጣ እበላው ነበር፤ ጥብስ ቢሉኝም እንዲሁ። ይኼ ከሁለቱም አልሆነ» አሉኝ።

በዚህ ሰዓት አስተናጋጁ መጥቶ ጠየቀ፦ «ቱ ስ ፓስ ቢየን?» ሁሉ ነገር ደህና ነው ወይ ማለት ነው። አባትየው ቀና ብለው «ትሬ ቢየን፣ መርሲ» አሉ። በጣም ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ልጅቷ አባቷን በሰው ፊት ማረም ስለከበዳት ዝም አለች። እናትየው ጥያቄውንም መልሱንም አልሰሙም፤ የባላቸውን ፈገግታ ግን አይተው እሳቸውም ፈገግ አሉ። አስተናጋጁ ሄደ። ጉዳዩን ሁሉ ሳጠና ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህች ቅጽበት ነው፤ ሦስት ያልተደሰቱ ሰዎች ለአራተኛው ሰው በአንድነት ደስ እንዳላቸው የመሰከሩባት ናትና። ሳህኑ ተመልሶ ሌላ ምግብ ሊመጣ የሚችልባት የመጨረሻ ዕድልም እሷው ነበረች።

ቀሪው ባጭሩ ይኼ ነው። ለሁለት ሰው ጣፋጭ መጣ። ቡናው ከጣፋጩ በኋላ በትንሽ ስኒ አንድ ጊዜ ብቻ ቀረበ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም የለም። ከዚያ ሒሳቡን ሲጠብቁ አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ በፈረንሳይ ግን እንግዳው «ላዲስዮን» ብሎ ሳይጠይቅ ሒሳብ ማምጣት «ተነሡልኝ» እንደማለት ስለሚታይ አስተናጋጁ እነሱን ላለማስቸኮል እየጠበቀ ነበር። ሁለቱም ወገን በጨዋነት ተጠባበቁ።

ደረሰኙ ምን ይላል

ጠቅላላው 250 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው። ሁለት ኪር 19፣ ጭማቂ 6.50፣ ሁለት የሽንኩርት ሾርባ 26፣ ሁለት ኮክ ኦ ቫን 54፣ አንትርኮት 36፣ አንድ ጠርሙስ ወይን 58፣ ሁለት ጠርሙስ ውኃ 15፣ ሁለት ጣፋጭ 24፣ ሦስት ቡና 12። አባትየው በዚህ ላይ 25 ዩሮ ጉርሻ ጠረጴዛው ላይ ትተዋል፤ ከፖስታው የተረፈው 24 ዩሮ ከ50 ነው። አንዱን ዩሮ በ150 ብር ብናስበው ወጪው 41,325 ብር ይሆናል።

ሳነበው መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው መጠጡ ነው። ኪሩ፣ ጭማቂው፣ ወይኑ፣ ውኃውና ቡናው ሲደመሩ 110 ዩሮ ከ50 ይሆናሉ፤ ከጠቅላላው 44 በመቶ ማለት ነው፣ ያውም ከሦስቱ አንዷ ወይን የማይጠጡ ሆነው። ወይኑን አስተናጋጁ ጠቁሞ አባትየው ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀብለውታል፤ ዋጋ አልጠየቁም፣ መጠየቅም አሳፍሯቸዋል። ለምግብ የዋለው 140 ዩሮ ነው። «ሜኑ 38» ቢወስዱ ኖሮ ሦስቱም መጀመሪያ፣ ዋና ምግብና ጣፋጭ በ114 ዩሮ ያገኙ ነበር፤ የአባትየው ዋና ምግብ ብቻ በሌላ ይተካል።

ሌላው ጉርሻው ነው። እኛ አገር በብዙ ሆቴሎች ቫትና የአገልግሎት ክፍያ ከምግቡ ዋጋ ላይ ስለሚታከል ሰው ዝርዝሩን ሲያይ በልቡ ይደምራል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚለጠፈው ዋጋ ግብርንም አገልግሎትንም ያካተተ መሆን አለበት፤ ደረሰኙ ግርጌ ላይ «ሴርቪስ ኮምፕሪ» ተብሎ ተጽፏል። የደስ ደስ የሚሰጥ ሳንቲም ነውር አይደለም፣ ግዴታም አይደለም። አባትየው የሰጡት 25 ዩሮ ያልተደሰቱበትን መስተንግዶ ለማመስገን የተሰጠ ነው፤ ስጠይቃቸው «ምን ይሉናል ብዬ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተወሰዱ እርምጃዎች

በዚያው ሌሊት ምንም አልተነገረም። በማግስቱ እናትየው ከንስሐ አባታቸው ጋር በስልክ ተነጋገሩ፤ የተባባሉት የእነሱ ነው። አባትየው ነገሩን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት አልወጡም።

ልጅቷ በመጀመሪያ ያሰበችው ኢንተርኔት ላይ የምሬት አስተያየት መለጠፍ ነበር። አባትየው ከለከሏት፤ «ጥሩ ነው ብዬ በአፌ ከመሰከርኩ በኋላ መጥፎ ነበር ብሎ መጻፍ ውሸታም ያደርገኛል» አሏት። በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ከዚያ ለምግብ ቤቱ በኢሜይል ጻፈች፤ ላርዶን መኖሩ በዝርዝሩ ላይ ቢገለጽ የሃይማኖት ክልከላ ያለባቸውን ሰዎች እንደሚጠቅም ገልጻ። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ትሑት ነበር፤ አሠራሩ የቆየ ልማድ መሆኑን፣ አስቀድመው ቢነግሯቸው ሌላ ምግብ ይጠቁሙ እንደነበር ገልጾ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ አፔሪቲፍ እንደሚጋብዛቸው ያበስራል። ለማትጠጣ ሴት የመጠጥ ካሣ! ቤተሰቡ ከዚያ ምሽት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ይህን ሲያነብ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የተሻለ ነበር። ልጅቷ በትንሽ ካርቶን ላይ በፈረንሳይኛ «የአሳማ ሥጋ፣ ላርዶንና የአሳማ ስብ አልበላም፤ በዚህ ምግብ ውስጥ አለ ወይ?» ብላ ጽፋ ለእናቷ ሰጠቻት። «አሳማ አልበላም» ብቻ አለማለቷን ልብ በሉ፤ ላርዶንን እንደ ሥጋ ሳይሆን እንደ ማጣፈጫ የሚቆጥር አብሳይ አለና በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን በቤቷ አቅራቢያ ወዳለ አነስተኛ ቤት ለምሳ ወሰደቻቸው። ጠዋት ደውላ ቦታ ይዛለች፣ ስለ አሳማውም ነግራለች። ቤቱን የመረጠችው ዝርዝሩ ላይ ክዳኑ የቤት ጣራ የሆነ ድስት ምልክት ስላየች ነው፤ ይህ «ፌ ሜዞን» የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ምግቡ እዚያው ቤት ከጥሬው መሠራቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። በር ላይ የተለጠፈው ፎርሙል፣ ማለትም በተቆረጠ ዋጋ የሚቀርበው ጥምር ምግብ፣ መጀመሪያና ዋና ምግብ በ19 ዩሮ ይላል። ለሦስት 57 ዩሮ፣ ቡና 7.50፣ ውኃው በካራፍ፣ ዳቦው እስኪያልቅ ተበላ። ጠቅላላ 64 ዩሮ ከ50፤ የከፈለችው ልጅቷ ናት።

ሁሉም ግን አልተሳካም። እናትየው ካርቶኗን አሳይተው አስተናጋጇ ወጥ ቤት ድረስ ሄዳ ጠይቃ ብትመለስም መረቅ ያለበትን ሁሉ ፈርተው ዓሣ አዘዙ፤ አምነው የበሉት እሱን ብቻ ነው። አባትየው በዚህ ጊዜ «ቢየን ኩዊ» ብለው ሥጋው ደርቆ መጣ። ከሁሉም በላይ ምሳ እንጂ እራት አልነበረም፤ ቤቱ በሠራተኛ ተሞልቶ ይንጫጫል፣ ሰዉ በአንድ ሰዓት ውስጥ በልቶ ይወጣል። ልጅቷ «አሁንስ ደስ አለህ?» ስትላቸው «ሆዴ ደስ ብሎታል» አሉ። የከዚራው በረንዳ በ19 ዩሮ አልተከፈተም።

ለሌላ መንገደኛ የሚተርፈው

የሰዓቱን፣ የውኃውንና የጉርሻውን ጉዳይ በአንድ ገጽ ጽፎ ለመንገደኛ መስጠት ቀላል ነው፤ ይህን ገጽ ቀድሞ ያነበበ ሰው ከዚያ ምሽት ወጪ ላይ ስድሳ አምስት ዩሮ ያህል ማትረፍ ይችል ነበር። እናትየውን ግን አያድናቸውም ነበር። የእሳቸውን ነገር የሚፈታው በጠረጴዛው ዙሪያ ማን ይናገር የሚለው ነው። ከሦስቱ የበለጠ ቋንቋ የምታውቀው ልጅቷ፣ የበለጠ ክልከላ ያለባቸው እናትየው፣ ያዘዙት ግን አባትየው ናቸው። ለአባት ቃሉን መተው በእኛ ወግ ተገቢ ነው፤ ታዲያ ልጅቷ ቤት ሳሉ «አባባ፣ አንተ ጋብዝ፣ እኔ ልዘዝ» ብትል ክብራቸውም ሳይነካ ነገሩ ይስተካከል ነበር። አባትየው ራሳቸው ይህን ሲሰሙ «እሺ እላት ነበር» ብለውኛል። እናትየው በአጠገባችን ሆነው ሳቁ፤ ያላመኑበት ሳቅ ይመስለኛል።

አንድ ምግብ ከአገሩ ምግብ ጋር ሲመሳሰልበት መንገደኛ ቶሎ ይረጋጋል፣ መጠየቁንም ይተዋል። ስሙ ጨርሶ የማያውቁት ምግብ ቢሆን እናትየው «ምን አለበት?» ይሉ ነበር፤ «የእነሱ ዶሮ ወጥ» ሲባሉ ግን ጥያቄው እዚያው አበቃ። ካልለመዱት ምግብ ይልቅ የለመዱትን ስለሚመስለው አጥብቆ መጠየቅ ይገባል።

ሌላው መከራ የሚያመጣው ነገር ደግሞ አንድን ምኞት በአንድ ምሽት ላይ ብቻ መጫን ነው። 300 ዩሮው ለሁለት ወይም ለሦስት ምሳ ተከፍሎ ቢሆን የመጀመሪያው ቢበላሽ ሁለተኛው ይክሰው ነበር። ይህን ለአባትየው አልነገርኳቸውም። ሃምሳ ዓመት ለጠበቀ ሰው እንዲህ ያለ ስሌት ማቅረብ የሒሳብ ሹም ያስመስላል።

ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ

ጉዳዩን ስሞቹን ትቼ ለሠልጣኞቼ አቅርቤዋለሁ። መጀመሪያ የፈረንሳዩን አስተናጋጅ ወቀሱት። ከዚያ «ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ የማይበላ የውጭ አገር እንግዳ በፍስክ ቀን ሽሮ ቢያዝዝ ቅቤ እንዳለበት ትነግሩታላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። ወደ ሐረር የሚያልፉ ጎብኚዎች በከተማችን ሲያድሩ ይኸው ይደርሳል፤ ለእኛ ሽሮ ሽሮ ነው፣ ቅቤው ሳይነገር ይታወቃል። እንግዳውም ሲጠየቅ «ጥሩ ነው» ይላል።

በመሆኑም በአንድ የሠልጣኞች መለማመጃ ቤት «ምግቡ እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ቀይረን «ያልተስማማዎት ነገር አለ? ልቀይርልዎ?» ብለው እንዲጠይቁ አደረግን። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዚህ በፊት ያልሰማናቸው ነገሮች ወጡ፦ ጨው የበዛበት፣ የቀዘቀዘ፣ ቅቤ የማይፈልግ። የቤቱ ባለቤት ግን አልወደደውም። «ሁሉም ቀይሩልኝ ካለ ማን ይከፍለዋል?» አለ፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። ለጊዜው የተስማማነው አስተናጋጆቹ ከመታዘዙ በፊት «የማይበሉት ነገር አለ?» ብለው እንዲጠይቁና መልሱን በትእዛዝ ወረቀቱ ራስጌ ላይ እንዲጽፉት ነው።